ከ18 ማዞሪያ የሚታዩት ተራሮች

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በጠራ የመስከረም ማለዳ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ሁለት ተራሮች ያያል። በሰሜን በኩል የእንጦጦ ሰንሰለት ተዘርግቷል፤ ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በምዕራብ በኩል ወጨጫ ለብቻው ጉብ ብሎ ተቀምጧል፤ እሱ ደግሞ 3,385 ሜትር ነው። ከታች ወያላው «መርካቶ፣ መርካቶ» እያለ ይጣራል፣ ጥሩምባው ይጮኻል፣ ሰው ከሰው ይጋፋል። እኔ ግን ከዚያ ጫጫታ መሐል ወደ ላይ ማየት የለመድኩት ከልጅነቴ ነው። የሰፈራችን እናቶች የዝናቡን ነገር የሚያውቁት ከወጨጫ ነበር። ጭጋግ አናቱን ከጠመጠመው ልብስ ከገመድ ይሰበሰባል፣ የተሰጣ በርበሬ ወደ ቤት ይገባል።

የምተርከው የእነዚህን ተራሮች ታሪክ ነው፤ ማን ዛፍ ተከለባቸው፣ ማን ጨፈጨፈባቸው፣ ማን በእግሩ መንገድ አወጣባቸው፣ ማንስ ተመልሶ ጠበቃቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከወጨጫ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል። ወፍ ዋሻ በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ባለው ገደላማ አገር የሚገኝ ጥንታዊ ደን ነው። ከዚያ እስከ ወጨጫ ዘር በአጋሰስ ማምጣት የብዙ ቀን መንገድ ነበር። ዛሬ መናገሻ ሱባ የምንለው ደን የዚያ ትእዛዝ ልጅ ነው። በአፍሪካ ሆን ተብለው ከተጠበቁ ደኖች መካከል ቀደምት ከሚባሉትም አንዱ ነው።

ጽድ ችኩል ዛፍ አይደለም። የተከለው ሰው በጥላው ሥር ለመቀመጥ ሳይታደል ያልፋል፤ ልጁም ገና ቀጭን ግንድ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ በሱባ ውስጥ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ጽድ ሥር ስቆም የሚገርመኝ አስተካዩ ንጉሥ ብቻ አይደሉም። ከእሳቸው በኋላ በየዘመኑ መጥረቢያ የያዘውን ሰው «ተው!» እያለ የመለሰ፣ ስሙ ያልተጻፈ የደን ጠባቂ ሁሉ ይታሰበኛል። እሱ ባይኖር ኖሮ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲሉ የሚገኘው ኮሶ፣ ከኮሶውም በላይ ያለው አስታ ዛሬ አይታዩም ነበር። ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘልበት፣ የምኒልክ ድኩላ የሚደበቅበት ጥሻም አይኖርም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አለፈ። በእንጦጦ ሥር የጉለሌ፣ በምዕራቡ ደግሞ የሜታ ኦሮሞዎች ከብታቸውን ያሰማሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹን የተራራ መንገዶች ያወጡት ከብቶቹና እረኞቹ፣ ወደ ገበያ የሚወርዱት አህዮችም ናቸው። የተራራ መንገድ መሐንዲስ አይቀይሰውም። እግር ሁልጊዜ ድካም የሚያንሰውን ይመርጣልና ገደሉን ዞሮ፣ ምንጩን ተጠግቶ፣ ጥላውን ፈልጎ ይሄዳል። ዛሬ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ከሚረግጣቸው ቀጫጭን መንገዶች ብዙዎቹ በዚህ ዓይነት የተወለዱ ናቸው።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበር ወደ ደቡብ ሲገፉ፣ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት በወጨጫ ሰፍረው ነበር። እንጦጦን የያዙት በ1870ዎቹ ነው። ቦታው የቀደሙ ነገሥታት ከተማ ነበር ብለው ያምኑ ነበር፤ ከፍታውም ለመከላከያ የሚመች ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከታች ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ያም ሆኖ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ላይኛው ተራራ ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው።

ሠራዊት በሰፈረበት ምድጃ ይበዛል። እንጀራው፣ ወጡ፣ ጠላው፣ የብርዱ ማባረሪያ እሳት ሁሉ እንጨት ይፈልጋል። እንጦጦ ላይ የነበረው ጽድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ። ከተማው ወደ ፍል ውሃ ሲወርድ ጭፍጨፋውም አብሮት ወረደ፤ ለቤት ሥራ የሚሆን ወፍራም እንጨት ከመናገሻ ደን እየተጎተተ ይመጣ ጀመር። የዘርዓ ያዕቆብ ጽድ አዲስ አበባን ሠራ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የማገዶው ችግር ከመክፋቱ የተነሳ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ከተማው ሳይሄድ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ቦታ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። የአውስትራሊያው ዛፍ ወደ ከተማዋ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ያስመጣው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆነ ይነገራል። ነጩ ባሕር ዛፍ ብርዱን ቻለ። ከብት አይበላውም፣ ፍየልም ትሸሸዋለች። ቢቆርጡት ደግሞ ከጉቶው ሦስት አራት ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ አጠና ይወጣዋል። ሕዝቡ ወደደው። ባላባቱም ነጋዴውም ተከለው፣ ተራራውም ሸፈነው።

ዛፉ ውሃ ይጠጣል፣ መሬት ያደርቃል የሚለው ስሞታ የዛሬ አይደለም። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ የሐር ትል ቅጠሉን በሚመገበው ዛፍ እንዲተካ አዋጅ ወጥቶ ነበር። ማንም አልነቀለም። የጭቃ ቤቱ ማገርና ወራጅ፣ የግንበኛው መወጣጫ፣ የባልትናው ማገዶ ሁሉ ከባሕር ዛፍ ነበርና አዋጁ በኑሮ ተሸነፈ። የእኛው ኮልፌ አጠና ተራ ስሙን ያገኘው ከዚሁ እንጨት ነው። እዚያ ሰፈር ያደገ ሰው እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲላጥ የሚሸተውን ሽታ ዓይኑን ቢሸፍኑት እንኳ ይለየዋል።

ለባሕር ዛፍ ሲፈረድ ሚዛን መያዝ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ለተራራው እንግዳ ነው፤ በሥሩ ሣር እንደልቡ አይበቅልም፤ ጎርፉም አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ነገር ግን እሱ ባይመጣ ኖሮ የሱባ ደን የመጨረሻ ግንድ ሳይቀር ወደ አዲስ አበባ ምድጃ በገባ ነበር። እንግዳው ዛፍ ራሱን ለመጥረቢያ ሰጥቶ አገሬውን ዛፍ አተረፈ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለተራራው ሌላ ዓይነት ሰው መጣለት፤ ይኸውም ሯጩ ነው። ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ወታደሮችን ስፖርት ያሠለጥን ጀመር። ከሠልጣኞቹ አንዱ የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ነበር። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለአዲስ ዓመት አንድ ቀን ሲቀር፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ያ እግር የጠነከረው በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው ዳገትና ቁልቁለት ነው። 3,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ይልቅ ኦክስጂኑ በሲሶ ገደማ ያነሰ ነው፤ እዚያ መተንፈስ የለመደ ሳንባ ቆላ ሲወርድ ይከብራል።

ሯጮቹ ተራራ ላይ እንዴት እንደሚሮጡ ላላየ ሰው ልንገር። በጠርጊያው መንገድ ተሰልፈው አይሄዱም። በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ፣ ከጉቶ ጉቶ እየዘለሉ እንደ እባብ ይወጣሉ። የወደቀው ቅጠል ተነባብሮ መሬቱን ለስላሳ ስላደረገው ጉልበት አይጎዳም። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ጭጋጉ ሳይነሳ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ትንፋሽ ነው፤ ሰዎቹ የሚታዩት ኋላ ነው። የደረቀው ቅጠል ከጫማቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ አልፈው ይሄዳሉ፤ ሽታው ብቻ ይቀራል።

አበበ ሮም ላይ ባሸነፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ እዚሁ እኛ ሰፈር አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ ለወታደራዊ ሥልጠና መጣ። ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ። ያረፉት ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ጦር ሰፈር ሲሆን፣ በኋላ ጄኔራል ታደሰ ብሩ ተብለው የሚታወቁት መኮንን ከአስተማሪዎቻቸው አንዱ ነበሩ። ተኩስና ፈንጂ ተማሩ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ግን ማንዴላ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ስለ እግር ጉዞው የጻፉት ነው። ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውሃ ብቻ ይዘው በተወሰነ ሰዓት ሩቅ ቦታ እንዲደርሱ ይታዘዙ ነበር። በዚያ ጉዞ ላይ ጥቅጥቅ ያለውን ደንና የተራቆተውን ደጋ አይተው አገሩ እጅግ ውብ እንደሆነ መስክረዋል። ሥልጠናው ለስድስት ወር የታሰበ ነበር፤ ሳይፈጽሙት ወደ አገራቸው ተጠሩ። እዚያ እንደደረሱ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ፣ 27 ዓመትም ታሰሩ። ማንዴላ በነፃነት ከተራመዱባቸው የመጨረሻ መንገዶች መካከል ከኮልፌ የሚወጡት ይገኙበታል። የሰፈራችን ልጆች ይህን በትምህርት ቤት ሊማሩት ይገባል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ በተራራው ላይ የግል ባሕር ዛፍ የነበራቸው ሰዎች ይዞታ ተወረሰ። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የችግኝ ዘመቻ ተካሄደ፣ በከተማዋ ዙሪያ ሰፋፊ የማገዶ ደን ተተከለ። ከዘመቻው ውስጥ ብዙው በቁጥር ተመዝግቦ በመሬት ላይ አልተገኘም፤ ከተተከለው ማግስት የሚጠብቀው ባለቤት አልነበረውምና።

በእነዚያ ዓመታት ተራራውን በየቀኑ የሚረግጠው ሰው ሯጩም ወታደሩም አልነበረም፤ እንጨት ተሸካሚዋ ሴት ነበረች። ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ በገመድ አስራ፣ ከራሷ ቁመት የሚረዝም ሸክም በጀርባዋ አዝላ፣ ለሁለት ታጥፋ ትወርዳለች። ሸክሙ በአማካይ ከ35 ኪሎ ይበልጣል። ደጋፊ ድንጋይ ካላገኘች አታርፍም፣ አንዴ ከተቀመጠች ብቻዋን አትነሳምና። ስለዚህ በቁልቁለቱ ላይ በየተወሰነ ርቀት ወገብ የሚያህል ድንጋይ ትለያለች፤ ሸክሟን እዚያ ላይ አስደግፋ፣ ሳታወርደው፣ ቆማ ትተነፍሳለች። እነዚያ ድንጋዮች ከጀርባና ከገመድ ብዛት ጠርዛቸው ልሟል። እጄን አሳርፌባቸው አውቃለሁ፤ እንደ ወፍጮ መጅ የለሰለሱ ናቸው።

በዘመኑ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው እነዚህ ሴቶች የአዲስ አበባን የማገዶ እንጨት ሲሶ ያህል በጀርባቸው ያቀርቡ ነበር። የደን ዘበኛ ያባርራቸዋል፣ ገመዳቸውን ይቀማል፣ ከዚያ የከፋም ደርሶባቸዋል። ተራራውን የሚያራቁቱ ሌቦች ተደርገው ሲወቀሱ ኖሩ። ፍርዱ ልክ አልነበረም። እነሱ የሚሸከሙት እንጨት የሚነደው በእኛ ምድጃ ነው፣ በእኛ እንጀራ ሥር ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች በ1980ዎቹ ሥራ ጀመሩ። በዓለም የሥራ ድርጅት እገዛ የተነሳው ጥረት የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበርን ወለደ። ሴቶቹ ገመዱን ጥለው ሽመና ተማሩ፤ ነጠላና የአንገት ልብስ እየሠሩ መሸጥ ያዙ። በዚሁ ዘመን ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ተሠርቶ ወደ ከተማው ቤቶች ገባ። እሳቱን ከንፋስ ከልሎ ስለሚይዘው በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ያድናል። ስለ ተራራ ጥበቃ ሲወራ ምድጃ አይነሳም። እኔ ግን እንጦጦን ካተረፉት ነገሮች መካከል ከችግኙ እኩል ምድጃውን አስቀምጣለሁ፤ ከእሱም በኋላ የመጣውን የኤሌክትሪክ ምጣድ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በመሐሉ በተፈጠረው ክፍተት በብዙ ቦታ ደን ተጨፈጨፈ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ የተባለው አገር በቀል ማኅበር የተነሳው በዚያ ሰሞን ነው። ማኅበሩ በ1980ዎቹ መጨረሻ በእንጦጦ ደቡባዊ ተዳፋት 1,300 ሄክታር ያህል መሬት ተረክቦ የእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክን አቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፣ ሥራው ግን ከባድ፤ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ እያሳሱ አገር በቀሉን ዛፍ መመለስ።

እዚህ ላይ ተራራው ራሱ ረዳቸው። ባሕር ዛፉ ሲሳሳ ብርሃን መሬት ይነካል፤ ወፎችም የወይራና የጽድ ፍሬ በልተው ዘሩን በኩሳቸው ይጥላሉ። ማንም ያልተከለው ጽድ በባሕር ዛፍ ጉቶ አጠገብ ብቅ ይላል፤ መጀመሪያ ስንጥር የሚያህል፣ ቅጠሉ የሚዋጋ ትንሽ ነገር ነው። ጠባቂው ካላወቀው ከአረም ጋር ያጭደዋል። ካወቀው ዙሪያውን መንጥሮ፣ ከፍየል ከልሎ ያሳድገዋል። ስለዚህ የደኑ ሥራ ዋናው እውቀት መትከል ሳይሆን የበቀለውን መለየት ነው።

በሩጫውም በኩል እነዚያ ዓመታት የተራራው ወርቃማ ዘመን ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴና ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ወርቅ አጠለቁ። የኃይሌ የእንጦጦ ልምምድ የዓለም ጋዜጠኞች ተራራ ድረስ እየወጡ የሚዘግቡት ሆነ።

በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። ሮቤል ተክለማርያም የተባለ አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ወጣት፣ ሌክ ፕላሲድ በተባለችው የበረዶ ከተማ ስኪ የሚባለውን የበረዶ መንሸራተት ተምሮ፣ ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይም ደገመው። በረዶ ወደሌለበት አዲስ አበባ ሲመጣ ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ብዙ ሰው እንደ ተዓምር ነበር ያየው። ለእኔ ግን ሮቤል አንድ ነገር አስተምሮኛል። በረዶ ያላቸው አገሮች መንሸራተቻቸውን፣ የጫካ መንገዳቸውን፣ የድሮ የተራራ ቤታቸውን እንደ ቅርስ ይመዘግባሉ፣ ማኅበር አቋቁመው በየዓመቱ ይጠግናሉ። እኛ የአበበን፣ የደራርቱንና የኃይሌን መንገድ የት እንደሆነ ምልክት እንኳ አላቆምንለትም።

ለኮልፌ ቅርብ የሆነው ትልቅ ሥራ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል በ705 ሄክታር ላይ ያረፈ ሲሆን፣ ይዞታው ጉለሌንም ኮልፌ ቀራንዮንም ይነካል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር ቦታው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነበር። ማዕከሉን ከመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ተለቅመው፣ ተለይተው፣ በመጽሐፍ እስኪታተሙ ድረስ 30 ዓመት ገደማ በፈጀው ሥራ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያላቸው ሳይንቲስት ናቸው። ዕፅዋቱን በስም የሚያውቅ ሰው ተራራው ላይ ሲቆም ሌላው «ቁጥቋጦ» ብሎ የሚያልፈውን አምጃ፣ እምቧጮ፣ ቀጋ፣ አጋም እያለ ይጠራል። ልጆቻችሁን ወደዚያ ይዛችሁ ውጡ፤ ስሙን ያላወቁትን ዛፍ አይሳሱለትም።

ከዚህ ወዲህ ያለው ሁላችንም ያየነው ነው። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ተጀመረ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠራ፤ የከተማው ሰው ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣ ጀመር። እንጨት ይሸከሙ ከነበሩ እናቶች መካከልም በፓርኩ ሥራ ያገኙ አሉ። ለዓመታት እንጨት ለቃሚ፣ ሯጭና ጸበልተኛ ብቻ ይወጣው የነበረ ተራራ የሁሉም መናፈሻ ሆኗል፤ ይህን ደስ ሳይለኝ ልጽፈው አልችልም።

ነገር ግን ተራራው ከፓርኩ ይሰፋል። በምዕራቡ ወገን፣ ከኮልፌ በላይና ወደ ወጨጫ በሚወስደው በኩል፣ ቤቱ ወደ ዳገቱ እየወጣ ነው። የድንጋይ ካባው ተዳፋቱን እየቦረቦረ ነው። ሯጮች ለዓመታት የረገጡት ቀጭን መንገድ አንድ ቀን ሲመለሱ በቆርቆሮ አጥር ተዘግቶ ያገኙታል። መንገድ ሲዘጋ ማንም አያለቅስም፣ በካርታ ላይ አልነበረምና። እግር የማይረግጠው ጫካ ደግሞ ዓይን አያየውም፤ ዓይን ያላየውን መጥረቢያ ይቀድመዋል። የተራራው ውሃ ወደ ትንሹ አቃቂ፣ ወደ ቀበናና ወደ ግንፍሌ እንደሚወርድ፣ በምዕራብ በኩልም የገፈርሳ ግድብን እንደሚሞላ እናውቃለን። ተዳፋቱ ሲራቆት ሰኔ ላይ ጭቃው በራችን ድረስ ይመጣል።

ስለዚህ ለኮልፌ ሰው፣ በተለይም ለዕድሩ፣ ለወጣት ማኅበሩና ለትምህርት ቤቱ፣ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛው፣ ሯጮቹና እናቶቻችን የረገጧቸው መንገዶች ሳይጠፉ ይመዝገቡ፤ በድንጋይ ላይ ቀለም መቀባት ብቻ በቂ ነው፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሸክም ማሳረፊያዎቹ ድንጋዮችም ለካባ ሳይፈለጡ ይጠበቁ። ሁለተኛው ከዚህ ይቀላል። ሐምሌ ላይ ችግኝ ይዘን በአውቶቡስ እየወጣን፣ ፎቶ ተነስተን የምንመለሰው ሁላችን፣ ጥር ላይ እንመለስ። ዝናብ የሌለበት፣ ፍየል የሚለቀቅበት፣ እሳት የሚነሳበት ወር እሱ ነው። አንድ ጄሪካን ውሃና አንድ መኮትኮቻ ይዛችሁ ውጡ፤ የተከላችሁትን ፈልጉት።